ሸራው ሲሳል ቁልፍ ይተኛል

ሰልዋ ዛሬም «ደህና» እያለች ነው። ከጠዋት ጀምሮ። ቁርስ ሲበላ የ«ደ» መጀመሪያዋ ሰረዝ ግድግዳው ላይ እየተጎተተች ነበር፤ ሳህኑ ሲታጠብም እየተጎተተች ነበር፤ እናትየው ጎረቤት ደርሳ፣ ሐሜቱን ሁሉ ጨርሳ ስትመለስም ሰረዟ ያው ናት፣ ምናልባት ጥፍር የምታህል ጨምራለች።

«እማ፣ እኔ እኮ ይቺ ፊደል ሳታልቅ አርጅቼ ነው የምሞተው» አለች ዩስራ፣ በአንድ እግሯ እየዘለለች ሌላኛውን ጫማዋን ስትፈልግ።

«መስመሩ እስከሄደ ድረስ ልጄ ደህና ናት። ምን ያቅበጠብጥሻል?»

«አቦ እማ! ማታ "ደህና" ብሎ ሲያልቅ እኮ ጠዋት ደህና ነበረች ማለት ነው። አሁንስ? አሁን፣ በዚች ደቂቃ?»

ድሬዳዋ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሰው የለም፤ ስለዚህ አይጠየቅም።

አየሩ በማሽኖች ወሬ ጢም ብሎ ከሞላ ወዲህ የሰው ድምፅ ከከተማው ዳር አያልፍም። ሩቅ የሚደርሰው ዝግታ ብቻ ነው። ነጥብና ሰረዝ ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ከጫጫታው ስር እየዳኸ ይመጣና የየቤቱ ግድግዳ ላይ በተወጠረው ሸራ ላይ ይሰመራል። ሰው ቤት ሲገባ «እንዴት ዋላችሁ» ቀርቷል፣ «የት ደረሰ?» ነው የሚባለው። አንድ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ጅቡቲ ላለች ወዳጁ «ታገቢኛለሽ ወይ» ብሎ ጀምሮ «ወይ» ላይ ሲደርስ ልጅቷ ከሌላ የወለደችውን ልጅ ታጠባ ነበር ይባላል። ያላለቀ ቃል መገመት ደግሞ ነውር ነው፤ «ይሄ እኮ "መጣሁ" ሊል ነው» ያለ ልጅ ጭኑን ይቆነጠጣል። በአፍ የተነገረ ወሬ ነው። ሸራ ላይ የወጣ ግን ቃል ነው። ባለፈው ክረምት ሸራው «ዝጉ» ብሎ አንድ ሰፈር ሙሉ ሱቁን ዘጋ፤ ምክንያቱ ካለፈ በኋላ ሰዎች እየዞሩ «ኧረ ክፈቱ፣ አልቋል!» ቢሉ ማን ሰምቷቸው። «ክፈቱ» በሸራ እስኪመጣ ድረስ ሰፈሩ ዳቦ አልቀመሰም።

ዩስራ ለዚህ ዓለም አልተፈጠረችም። አስራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሻይ ሲያቃጥላት የምትጠጣ፣ ደረጃ ሁለት ሁለቱን የምትዘል፣ ሰው ሲያወራ የቀረውን ራሷ የምትጨርስለት ልጅ ናት። ታላቅ እህቷ ሰልዋ ስትሄድ፣ አፋር ሜዳ ላይ ወዳለው የፀሐይ መብራት የሚታፈስበት የመስታወት እርሻ፣ ማለቂያ የሌለው የመስታወት ረድፍ ላይ አቧራ ልትወለውል፣ ዩስራ እያለቀሰች ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እሺ ግን በቀን አንድ ቃል ምን ይሆነኛል?»

ጫማዋን አገኘችና ወደ ባቡር ጣቢያው ሮጠች።

የድሮው ጣቢያ አዳራሽ ዛሬ የሬድዮ ክበብ ነው፤ በመሃሉ መጋረጃ አለው። ከመጋረጃው ወዲያ ዝግታዎች ናቸው፤ ትልቁን የከተማ ሸራና ቃል የሚልኩበትን ዝግታ ማሽን ከበው ይቀመጣሉ፣ ይሰራሉ፣ ያፈጣሉ። ወዲህ ቆርቋሪዎች ናቸው፤ ሞርስን፣ የነጥብና የሰረዝ ፊደሉን፣ በድሮው መንገድ በእጅ የሚመቱ፣ በጆሮ የሚሰሙ፣ ለፍቅር ብቻ። ዝግታዎቹ እነዚህን «ግንደ ቆርቁር» ይሏቸዋል። እነዚህ ደግሞ «ኤሊ» ነው የሚሏቸው። ዝግታዎች በነሱ በኩል ግድግዳው ላይ በትልቁ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው ጽፈዋል፤ ከስሩ በከሰል፣ ማን እንደጻፈው ሁሉም ያውቃል፣ «እስከዛ ተጠብሶ ተበልቷል» ይላል።

አብረው የሚኖሩት በአንድ ሕግ ነው፦ ሸራው ሲሳል ቁልፍ ይተኛል። የክበቡ አንቴና ጉልበተኛ ስለሆነ አንዲት ፈጣን ምት የከተማውን ሸራ በሙሉ በረዶ የጣለበት ያስመስለዋል፤ ሁለት ቀን የተጠበቀ ፊደል ይጠፋል። ስለዚህ የሞርስ መምቻ ቁልፎቹ ቀኑን ሙሉ እንደ ሕፃን በጨርቅ ተሸፍነው ይተኛሉ። ከምሳ በኋላ መስመሩ ሁሉ ለጥቂት ጊዜ አርፎ ሸራው ካለቁ ቃላት ሲታጠብ ብቻ ጨርቁ ይነሳል፣ ያኔ ቆርቋሪዎች እንደ ልባቸው ይሆናሉ፤ ዩስራም ትንፋሿ የሚመለሰው ያኔ ነው።

«እጥበት ገና ነው፤ ምነው በጠዋቱ?» አለ ጋሽ ኪሩቤል። የቆርቋሪዎች አለቃ ነው፤ ሰማንያን አልፏል። ኪሩቤል፣ ሶልያና፣ እንዲህ ዓይነት የድሮ ስም ሲሰሙ የዩስራ ጓደኞች ጥርስ የሌለው ሰው ነው የሚታያቸው።

«እቤት ግድግዳ ሳይ አበድኩ። አንተ መቼም ትገባኛለህ፣ ጋሽዬ።» ድሬ ውስጥ አንቱ የሚባል ነገር ድሮም አልነበረም፣ አሁንም የለም።

«እዚህም ያለው ግድግዳ ነው።»

«እዚህ ቢያንስ ጆሮዬን እከታለሁ።»

መስማት አይከለከልም። ማዳመጫውን አጠለቀች፤ እንደ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ የሚወርድ የማሽን ጫጫታ ጆሮዋን ሞላው። እሷ ዝናቡን ትወደዋለች፤ ከስሩ የሆነ ነገር የሚንቀሳቀስ ይመስላታል። ጋሽ ኪሩቤል ድሮ ከዚህ ዝናብ ስር የመርከበኛ ስድብ ለቅሞ ያወጣ ነበር። አሁን ጆሮው ከድቶታል፤ ቢሰማም ዝናቡን ብቻ ነው።

ከመጋረጃው ወዲያ ከዝግታዎቹ የአንዷ፣ የእትዬ ሶልያና፣ ድምፅ መጣ። «ግንደ ቆርቁሯ መጥታለች መሰለኝ፤ ወንበሩ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል።»

«ኤሊዋ ደግሞ ገና ከትናንት ወዲያ ላይ ናት መሰለኝ!» አለች ዩስራ።

«ስድ!» አለች እትዬ ሶልያና፣ እየሳቀች።

እውነቷን ነው፣ ከትናንት ወዲያ ላይ ናት። ባሏ ዮናታን እዛው ሰልዋ ያለችበት የመስታወት እርሻ ላይ የጋሪ ጠጋኝ ነው፤ ከትናንት ወዲያ የጀመረላት ቃል ዛሬ መጨረሻው ፊደል ላይ ደርሷል። ሌሊቱንም እዚሁ ወንበር ላይ ነው ያደረችው። ማንም ምን ሊል እንደሆነ አልጠየቃትም። እሷም ዓይኗን ከመስመሩ አልነቀለችም።

ያኔ ነው ሰልዋ የቆመችው።

መጀመሪያ ያየው አንድ የዝግታ ሽማግሌ ነው። «የዩስራ እህት መስመር ተቆረጠ» አለ፣ ልክ ውሃ ሄደ እንደሚል ሰው። ዩስራ መጋረጃውን ገልጣ አየች። የ«ደ» ሰረዝ አለች። ከዛ ባዶ ሸራ።

«ደመና ነው፤ ባትሪዋ ሲሞላ ትቀጥላለች» አለ ሽማግሌው።

«መስመሯን የሚልከው ምሰሶ ፀሐይ አጥቶ ይሆናል» አለ ሌላው።

«ማታ ይታያል።»

ማታ! ዩስራ ተመልሳ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ በሁለት እጇ ጨመቀችው። ዝናብ። ዝናብ። ዝናብ። ከዛ ከዝናቡ ስር፣ ሩቅ፣ የሆነች ነገር። ቲ፣ ታ። ፈጣን። የእጅ ምት። ሁለት ሽቦ እያነካካ የሚመታ ሰው። የመጨረሻዋ ሰረዝ ላይ ትንሽ ይንጠለጠላል፣ መልቀቅ እንደጠላ።

ዩስራ ይህን እጅ ታውቀዋለች። ልጅ ሆነው አንድ አልጋ ላይ ሲተኙ ሰልዋ ጀርባዋ ላይ በጣቷ እየመታች «እንቅልፍ መጣ?» ትላት ነበር፤ ሁሌም መጨረሻው ላይ ትንጠለጠላለች።

«ሰልዋ ናት!» ጮኸች። «ጋሽ ኪሩቤል፣ ሰልዋ በእጇ እየመታች ነው!»

«ምን ትላለች?»

«አቧራ... "ሁሉም ቀይ ነው"... "እጄን አላይም"...» ዩስራ ዓይኗን ጨፍና ቃል በቃል ታወጣለች። «ልሂድ ወይ? "ወደ ሰፈር ልሂድ?" ነው የምትለው፣ ወደሚያድሩበት። ይኸው ደገመችው። ልሂድ? ልሂድ?»

ጋሽ ኪሩቤል ማዳመጫውን ነጥቆ ጆሮው ላይ አደረገ። ፊቱ ተጨማደደ። «እኔ ዝናብ ብቻ ነው የምሰማው።»

«እኔ እሰማለሁ! መመለስ አለብኝ!» እጇ ቁልፉ ላይ ያለውን ጨርቅ ያዘ።

«ሸራው እየተሳለ ነው፣ ልጄ። ከተማው ሁሉ...»

«እህቴ ናት!»

ጨርቁን ገፈፈችው። ምንም አላሰበችም፤ እውነቱን ለመናገር ዩስራ አስባ ያረገችው ነገር ብዙ የለም። ቁልፉ ላይ ወደቀችና መታች፦ ነይ፣ ነይ፣ ወደ ሰፈር ነይ፣ ሩጪ፣ ነይ።

ከመጋረጃው ወዲያ የሰው ሁሉ ድምፅ ባንዴ ወጣ። ለቅሶ ቤት ይመስላል። ትልቁ ሸራ በአንድ ጊዜ ነጭ ሆነ፤ መስመሮቹ ሁሉ፣ የጅቡቲው፣ የሞያሌው፣ የመርከቡ፣ በረዶ ውስጥ ገቡ። ከውጭ ደግሞ፣ ከየቤቱ መስኮት፣ «ኧረ ምንድነው!» «ማነው ይሄ!» የሚል ጩኸት ወደ አዳራሹ ገባ። አንዲት ሴትዮ የልጇ ስም ግማሽ ላይ ነበር የቀረባት፤ ስሙን እየጠራች ትጮሃለች።

ዩስራ እጇን አነሳችና አዳመጠች።

ልሂድ? አለች ሰልዋ። ያንኑ። ልክ ያንኑ። ልሂድ?

«አልሰማችኝም» አለች ዩስራ።

«አቧራው እዛ ነዋ የሚጮኸው» አለ ጋሽ ኪሩቤል። «አቧራ ሲነሳ ሽቦው ሁሉ ይንጫጫል። እሷ ያለችበት ጋ ፈጣን ምት ከጩኸቱ አይለይም። አንቺ ትሰሚያታለሽ፣ እሷ አትሰማሽም።»

መጋረጃው ተገፈፈ። እትዬ ሶልያና ናት። ፊቷ እንደ አመድ ሆኗል፤ ነጠላዋ መሬት ይጎተታል። ዩስራ ጥፊ ጠበቀች፤ ዓይኗን ጨፈነች እንኳን።

«ምን አልሻት?» አለች እትዬ ሶልያና።

«እ?»

«እህትሽን! ምን ብለሽ መታሽላት?»

«ነይ አልኳት። ወደ ሰፈር ሩጪ...»

«ወይኔ ልትገያት!» ሴትዮዋ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። «ስሚኝ። በአቧራ አይኬድም። ዮናታን ከሄደ ጀምሮ የሚነግረኝ እሱን ነው። መስታወቱ መሃል የገባ ሰው ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም፣ ሁሉም ረድፍ አንድ ነው የሚመስለው። አቧራ ሲነሳ ጋሪው ብቻውን በሐዲዱ ይወጣል፣ ከምሰሶ ምሰሶ እያለ፣ ስር የተቀመጠውን ይለቅማል። የተቀመጠውን! አምና አንድ ልጅ ምሰሶውን ለቆ ሄደ። ዮናታን "ልጁ" ብሎ ጀምሮ "ጠፋ" እስኪል ሳምንት ነው የፈጀበት። ሳምንት ሙሉ እዛች ወንበር ላይ ሆኜ "ልጁ ተገኘ" ሊለኝ ነው ብዬ ነበር።»

ዩስራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ አልተንቀሳቀሰችም፤ ለእሷ ይሄ መንፈቅ ነው። ሰልዋ «ነይ» የሚለውን ሰምታ ቢሆንስ? አንዷን፣ የመጨረሻዋን ብቻ? ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ መለሰችው። ዝናብ። ልሂድ... ዝናብ። ምቱ እየቀለለ ነው።

«ምን ላድርግ? ዝግታው ማሽን! በማሽኑ ንገሯት!»

«ማሽኑ ከጠዋት የሌላ ሰው ቃል ይዟል» አለ የዝግታው ሽማግሌ ከበር ላይ። «ሳይጨርስ ሌላ አይቀበልም፣ ታውቂያለሽ።»

«እጇ ላይ ያቺ ትንሽ ሸራ አለች አይደል?» አለ ጋሽ ኪሩቤል ድንገት። «መስታወት አጣቢዎቹ ሁሉ የሚያስሩት?»

«አለች።»

«ታዲያ በእጅሽ አድርጊዋ።»

«ምኑን?»

«ዝግታውን! ኧረ እነዚህ ኤሊዎች ሌላ ነገር የፈጠሩ መስሎሽ ነው እንዴ? ያው ሞርስ ነው፤ እንቅልፍ የወሰደው ሞርስ። ጆሮ የማይሰማውን ዓይን ያየዋል። ቁልፉን ተጫኚና ያዢው፤ ሳትለቂ። በኛ አንቴና ከሆነ ፊደሏን ማታ ድረስ መጎተት የለብሽም።»

«እንዲህ ያለ ነገር በቁልፍህ ላይ ትፈቅዳለህ?» አለች እትዬ ሶልያና፣ በዛ ሰዓት እንኳን።

«ዝም በይና መቁጠሪያውን ንገሪያት።»

የድሬ ዝግታዎች በክበቡ አንቴና በእጅ ሲልኩ ሰዓት አይጠቀሙም። ድሮ ሲጀምሩ መብራት እየጠፋ የሁሉም ሰዓት የየራሱን ይል ነበርና በጸሎት ለኩት። አንዱ ወገን አንድ ነጥብ አንድ ፋቲሃ ነው አለ፤ ሌላው የለም፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ነው አለ። የትኛው ይረዝማል ብለው ዓመት ሙሉ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለቱም የየራሳቸውን ሊያነበንቡ፣ ሁለቱም ሲያልቅ ብቻ ጣት ሊነሳ ተስማሙ። ያ ነጥብ ነው። ሦስት ጊዜ ሲደገም ሰረዝ። እስከ ዛሬ እንደዛው ነው።

እትዬ ሶልያና ወንበር ስባ ከዩስራ አጠገብ ተቀመጠች። «ምን ልትያት ነው?»

«ቁጭ» አለች ዩስራ። «ሁለት ፊደል። "ቁጭ"።»

«ጀምሪ።»

ዩስራ ቁልፉን ተጫነችና ያዘች። «ቢስሚላሂ ራህማኒ ራሂም» ማለት ጀመረች በሹክሹክታ፤ በአንድ ትንፋሽ ልትጨርሰው ምንም አልቀራትም።

«አትሩጪ!» አለ ጋሽ ኪሩቤል።

«አልሮጥኩም!»

«ሮጠሻል። አጭር ነጥብ ዓይን አያያትም። እንደ ሰው አንብቢ።»

እንደገና። ከጎኗ እትዬ ሶልያና «አቡነ ዘበሰማያት፣ ይትቀደስ ስምከ» ትላለች፣ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዷን ቃል አጥባ እንደምታሰጣ። ዩስራ «አሚን» ብላ ስታበቃ ሴትዮዋ ገና «ሲሳየነ» ላይ ናት። ይሄኔ መጮህ ያሰኛል! ጣቷ ላብ በላብ ሆኗል። እግሯ ጠረጴዛው ስር ብቻውን ይጨፍራል። አንዲት ነጥብ! አንዲት ነጥብ ውስጥ ሰልዋ ስንት እርምጃ ትራመዳለች? ስንት ረድፍ ታልፋለች? ብዙ ነው፤ ታስበው ጀመረችና አልቻለችም፣ ተወችው፤ እንደገና ታስበው ጀመረች።

«አሜን» አለች እትዬ ሶልያና። ጣት ተነሳ።

ትልቁ ሸራ ላይ፣ በበረዶው መሃል፣ አንዲት ንጹሕ መስመር ወጣች። እዛ ብቻ አይደለም። በዛ አንቴና የተጎተተ መስመር የማንንም ሸራ አይዘልም፤ ከተማው ውስጥ ባለ ግድግዳ ሁሉ ላይ ያቺው መስመር፣ በየሰዉ ቃል ላይ ተደርባ፣ ወጣች። ውጭ ያለው ጩኸት ባንዴ ቆመ።

ሰረዝ። ነጥብ። ሰረዝ። መጋረጃው ተከፍቶ ቀረ፤ ዝግታዎቹም ወዲህ መጡ፣ ግማሹ ከዩስራ ጋር ያነበንባል፣ ግማሹ ከሶልያና ጋር። ቃሉ የጠፋበት ያ ሁሉ ሰው። ጋሽ ኪሩቤል ማዳመጫውን በአንድ ጆሮዋ ላይ ይዞላት ቆሟል፤ በዛኛው ጆሮዋ ጸሎት፣ በዚህኛው ዝናብ።

«ቁ» ስታልቅ የሰልዋ ምት የለም።

«ቆማለች» አለች ዩስራ። «አቁማለች፣ አትመታም። ሄዳለች። ሄዳለች፣ ጋሽ ኪሩቤል!»

«ወይም ሸራዋን እያየች ነው።»

«ብትሄድስ?»

«ብትሄድም የምታየው እጇ ላይ ነው። ጨርሺላት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዩስራ ፋቲሃውን ሳትሮጥ አነበበችው። ጎበዝ ስለሆነች አይደለም፤ ፈርታ ነው። እያንዳንዷ ቃል ስታልቅ የሰልዋ እግር አንድ እርምጃ ወደ መስታወቱ መሃል የሚገባ ስለመሰላት ቃሉ እንዲያልቅ አልፈለገችም። የ«ጭ» መጨረሻ መስመር ላይ ክንዷ እስከ ትከሻዋ ደንዝዞ የራሷ አልመስል አላት። ከጎኗ «አሜን» ተባለ። ጣቱ ተነሳ። ቁልፉን ለቀቀች።

ከዛ ምንም።

አንዱ ሽማግሌ ያስነጠሰው በዚህ ሰዓት ነው፤ የገላመጡት መገላመጥ!

ሸራው ላይ፣ የሰልዋ መስመር ጋ፣ ቀጭን ነገር ታየ። እንደ ፀጉር። «ነጥብ ናት» አለ ሰው። ግን ነጥብ ሆና አልቆመችም። ሰረዝ ሆነች፤ ሰረዝነቷንም አለፈች። እየሄደች ነው። ፊደል አይደለችም፣ እንዲህ የሚረዝም ፊደል የለም። እየሄደች ነው።

«ሽቦውን አነካክታ ይዛዋለች» አለ ጋሽ ኪሩቤል። «ሽቦው ምሰሶው ላይ ነው፤ ምሰሶው ስር ቁጭ ብላለች ማለት ነው።»

ዩስራ ሸራው ፊት ቆመች። መስመሯ ስትሄድ አየች፤ ዓይኗን ብትነቅል የምትቆም ይመስላታል። ጋሪው ከየት እንደተነሳ አይታወቅም፣ ስንት ምሰሶ እንደሚቀረው አይታወቅም። ባትሪው አልቆ ይሁን ጋሪው ደርሶ ይሁን መስመሯ ስትቆም የሚለይ ነገር የለም። ሰው ውሃ ሰጣት፤ ይዛው ቀረች። የምሳ ሰዓት አለፈ፣ የእጥበት ሰዓት መጣ፣ ማንም ሸራውን ላጥብ አላለም።

መስመሯ ተቆረጠች።

አዳራሹ ውስጥ ብርጭቆ ወደቀ፤ የዩስራ ነበር። ወደ ማዳመጫው በረረች። ዝናብ። ዝናብ። ከዛ በጣም ፈጣን፣ ሞቅ ያለ፣ እየተደናቀፈ፣ መጨረሻ ሰረዝ ላይ እየተንጠለጠለ፦

አንቺ ደደብ ቂጤ ደነዘዘ። ጋሪው መጣ። ውሃ ጠጣሁ።

ዩስራ ያወጣችው ድምፅ ቃል አይደለም። እየሳቀች፣ እያለቀሰች፣ ጋሽ ኪሩቤልን አንገቱን አንቃ ልትጥለው ምንም አልቀራት። አንዱ የዝግታ ሽማግሌ ከልማዱ የተነሳ «ቁልፍ ይተኛ፣ እጥበቱ እኮ ገና...» ሲል እትዬ ሶልያና በክርኗ መታችው።

«አፍህ ይተኛ! ትቆርቁር፣ ተዋት።»

«እትዬ...» አለች ዩስራ፣ አፍንጫዋን በክንዷ እየጠረገች። «የጋሽ ዮናታን ቃል...»

«ጠፋ።» ሴትዮዋ ነጠላዋን ከመሬት ሰብስባ ትከሻዋ ላይ ጣለች። «ከመጀመሪያው ይጀምረዋል። ሂጂ አሁን፣ ለናትሽ ንገሪያት፤ የሰልዋ መስመር ሲቆረጥ አይታለች እኮ።»

እማ! ዩስራ በሩን ገጭታ ወጣች።

መንገዱ ጸጥ ብሏል። መጀመሪያ አልገባትም፤ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ስር እየሮጠች ሳለ ነው ያስተዋለችው። ሰው ሁሉ ተቀምጧል። የፀጉር ቤቱ ደንበኛ በግማሽ የተላጨ ጺም ደፍ ላይ ተቀምጧል፣ ፀጉር አስተካካዩም ምላጩን እንደያዘ ከጎኑ። ትራፊኩ መስቀለኛው መሃል ተቀምጧል። ሁለት ሴቶች ሲጣሉ ነበር መሰለኝ፣ አንዷ የሌላዋን ሻርፕ እንደያዘች ሁለቱም አቧራው ላይ ተቀምጠዋል። ባጃጅ በሩን ከፍቶ መንገድ ዘግቷል፤ ሾፌሩ አስፋልቱ ላይ፣ እግሩን አጣጥፎ።

«ተነሱ እንጂ! ምን ሆናችሁ?» ጮኸች።

ሾፌሩ ቀና ብሎ አያት። «ሸራው ሳይል?»

«እኔ ነኝ የላክሁት! ለእህቴ ነው፣ ለናንተ አይደለም!»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንድም ሰው አልሳቀባትም፤ ይሄ ነው ያስፈራት። እንደ ታመመ ልጅ አዝነውላት ነው ያዩዋት።

እናትየው ግድግዳው ፊት መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ጭልፋ በእጇ። ወጡ እሳት ላይ አርሯል፤ ቤቱ ጭስ በጭስ ነው። ልታጠፋው እንኳን አልተነሳችም።

«እማ! ሰልዋ ተገኘች! አቧራ ውስጥ ነበረች፣ ጋሪው ለቀማት፣ ውሃ ጠጣች፣ ሰደበችኝ!» ዩስራ እሳቱን አጠፋች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ተመልሳ እናቷን ብብቷ ስር ያዘቻት። «ተነሺ!»

የእናትየው ዓይን እንባ ሞላ። ወገቧ ከመሬት ተነሳ፤ ጉልበቷ ሊዘረጋ ነበር። ከዛ ግድግዳውን አየች። የሰልዋ መስመር ጋ ባዶ ነው። ከሱ በላይ «ቁጭ» ይላል፣ በወፍራሙ። ቀስ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች።

«በሸራ ይምጣ፣ ልጄ» አለች። እጇ የዩስራን እጅ እየጨመቀ ነው፣ እስኪያማት ድረስ። «አላመንኩሽም ብዬ አይደለም። በሸራ ይምጣልኝ።»

ዩስራ የሮጠችበትን መንገድ ተመልሳ ሮጠች፤ በፀጉር ቤቱ ደጅ፣ በትራፊኩ አጠገብ፣ በተጣሉት ሴቶች መሃል። አዳራሹ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆርጦ ነበር።

«ምን ልትልኪ ነው?» አለ ጋሽ ኪሩቤል።

«"ተነሱ"።» ወንበሩን ሳበችና ተቀመጠች። የደነዘዘ ክንዷን በሌላኛው እጇ አንስታ ቁልፉ ላይ አስቀመጠችው። «እትዬ ሶልያና፣ ነይ አጠገቤ።»

ቁልፉን ተጫነች። ከውጭ፣ በሩ የተከፈተው ባጃጅ የመታጠፊያ መብራቱን ቦግ እልም እያደረገ መንገድ መሃል ቆሟል፤ ሾፌሩ ከጎኑ ተቀምጦ ይጠብቃል።